ስርዝ ድልዙን የሚያሳየኝን አምናለሁ

ባለፈው ቅዳሜ የልጄ ትምህርት ቤት የወላጆች ስብሰባ ጠርቶ ነበር። ሦስት ሰዓት ተብለን አራት ሰዓት ላይ ተጀመረ። ስለ ክፍያ፣ ስለ ዩኒፎርም፣ ስለ ሰርቪስ ተወራ። መጨረሻ ላይ ምክትል ርዕሰ መምህሩ ማይኩን ያዙና እንዲህ አሉ፦ «ከዛሬ ጀምሮ ከዊኪፔዲያ አገኘሁ ብሎ የሚጽፍ ተማሪ ዜሮ ነው የሚያገኘው። ማንም መንገደኛ ገብቶ የሚጽፍበት ነገር ነው። ልጆቻችሁን መጽሐፍ አስነብቡ።»

ወላጅ አጨበጨበ። እኔ እጄን አወጣሁ። ሰዓት አልቋል ተባልኩ። እዚያ ያልተናገርኩትን እዚህ ልናገረው።

መገልበጥና ምንጭ መጥቀስ ለየቅል ናቸው። የሰው ጽሑፍ እንዳለ ገልብጦ «የራሴ ነው» ያለ ልጅ ዜሮ ይሰጠው፤ እኔም አብሬ እፈርማለሁ። ከመጽሐፍ ቢገለብጥም ያው ነው። ግን «ይህን እዚህ ቦታ አነበብኩ» ብሎ በሐቅ የጻፈን ልጅ መቅጣት ምን የሚሉት ነው? ልጁ በሚቀጥለው ጊዜም ከዚያው ያነባል። ምንጩን ግን ይደብቃል። እውነቱን የተናገረው ተቀጣ፣ የደበቀው አለፈ። ይህንን ነው ያጨበጨብንለት።

እንዲህ የተንገበገብኩት ያለ ነገር አይደለም። ልጄ ስምንተኛ ክፍል ናት። ከሁለት ሳምንት በፊት ስለ ኢትዮጵያ ተራሮች የቤት ሥራ ተሰጣቸው። የራስ ዳሸን ከፍታ 4,550 ሜትር ነው ብላ ጻፈች። ከሥሩ ከዊኪፔዲያ እንዳገኘችው ገለጸች፤ ገጹን የከፈተችበትን ቀን ሳይቀር አኖረች። ወረቀቱ ተመልሶ ሲመጣ መልሷ ላይ ቀይ ኤክስ አለ። ከጎኑ 4,620 ተብሎ ተጽፏል። አንድ ማርክ ተቀነሰባት።

«አባዬ፣ ቲቸር ሃንዳውቱ ላይ ያለውን ነበር መጻፍ ያለብሽ አለኝ» አለችኝ።

እስቲ ሃንዳውቱን አምጪው አልኳት። ሁለት ገጽ ፎቶ ኮፒ ነው። የኮፒ ኮፒ በመሆኑ በዳር በኩል ያሉት ፊደሎች ተቆርጠዋል። ማን እንዳዘጋጀው አይልም። መቼ እንደተዘጋጀ አይልም። ከየት እንደተወሰደ አይልም። አናቱ ላይ የትምህርቱ ስምና የምዕራፉ ቁጥር አለ፤ በቃ።

4,620 የድሮ ቁጥር ነው። እኔም በልጅነቴ የተማርኩት እሱን ነው። በድሮ ካርታዎችና በድሮ መጻሕፍት ላይ አለ። በኋላ የመጡት ልኬቶች ዝቅ አደረጉት። 4,533 የሚል አለ፤ 4,550 የሚል አለ። ሰባ ሰማንያ ሜትር ምን ለውጥ ያመጣል የሚል ይኖራል። ያመጣል። ታንዛኒያ ውስጥ ያለው የሜሩ ተራራ 4,560 ሜትር ገደማ ነው። በድሮው ቁጥር ራስ ዳሸን ሜሩን ይበልጠዋል። በአዲሱ ያንሰዋል። በአፍሪካ ተራሮች ተርታ ውስጥ ቦታው ይቀየራል ማለት ነው። ስምንተኛ ክፍል ላይ ይህን የማናስተምር ከሆነ ጂኦግራፊ ብለን ምኑን ነው የምናስተምረው?

የልጄ መልስ የተሻለው መልስ ነበር። ማርኳን የወሰደባት የታተመው ወረቀት ነው። አዲሱን ቁጥር የነገራት ደግሞ ያ የተናቀው መንገደኛ ነው።

እስቲ ስለዚህ መንገደኛ እናውራ። እኔ ራሴ ነኝ መንገደኛው። የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው፤ የአዳማው የፍጥነት መንገድ ከሚጀምርበት ብዙም ሳይርቅ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ማታ እንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ ላይ ስለ አካባቢያችን አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመርኩ። እዚሁ ነው የምኖረው፣ ያየሁትን ነው የምጽፈው፣ ማን ይበልጠኛል ብዬ። ሻይ ጥጄ ስመለስ የጻፍኩት የለም። የማላውቀው ሰው አውጥቶታል። ምክንያቱንም ጽፎልኛል፦ ምንጭ የለውም።

ደሜ ፈላ። የሰፈሬን ነገር ባሕር ማዶ ተቀምጦ የሚነግረኝ ማነው አልኩ። ሲነጋ ግን ነገሩ ገባኝ። ሰውየው የጠየቀኝ እኔ በሥራ ቦታዬ በየቀኑ ሰው የምጠይቀውን ነው። «ይሄ ከየት ነው?» የታተመ ነገር ፈልጌ አገኘሁ፤ ከነገጽ ቁጥሩ አስገባሁት። ዛሬም አለ።

እንግዲህ አስቡት። በገዛ ሰፈሬ ላይ አንድ መስመር ለመጻፍ እኔ ምንጭ ተጠየቅኩ። ሃምሳ ልጅ የሚፈተንበት ሃንዳውት ምንጭ አልተጠየቀም።

ማንም ገብቶ መጻፍ ይችላል የሚለው እውነት ነው። ግማሽ እውነት ነው። ማንም ገብቶ ማውጣትም ይችላል። ስድብ ያስገባን ሰው በሰከንዶች ውስጥ የሚመልሱ ፕሮግራሞች አሉ። አንድን ገጽ ዝርዝራቸው ውስጥ አስገብተው ለውጥ በመጣ ቁጥር የሚያዩ ሰዎች አሉ። ጭቅጭቅ የበዛባቸው ገጾች ይቆለፋሉ፤ አዲስ ገቢ አይነካቸውም። ምክትሉ ይህን አንድ ማታ ሞክረው ቢያዩት ኖሮ «መንገደኛ» የሚለውን ቃል ማይክ ላይ አያወጡትም ነበር።

ሥራዬን ልንገራችሁ። ማተሚያ ቤት ውስጥ አራሚ ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ሆነኝ። «መጽሐፍ አስነብቡ» ሲባል መጽሐፍ እንዴት እንደሚወጣ ከውስጥ አውቃለሁ። መጽሐፍ እወዳለሁ። እንጀራዬ ነው። ግን ታትሞ ስለወጣ ብቻ እውነት ነው የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ዝም ማለት አልችልም።

አንድ ጊዜ ከእንግሊዝኛ የተተረጎመ የታሪክ መጽሐፍ እጄ ገባ። ተርጓሚው የፈረንጁን ዓመት ወደ እኛ ሲመልስ ሁሉንም በስምንት ይቀንሳል። እኛ አራሚዎች ይህን ስህተት እንደ ራሳችን መዳፍ ነው የምናውቀው። ከፈረንጆች ጥር ጀምሮ እስከ እኛ ጳጉሜን ልዩነቱ ስምንት ነው። ከመስከረም እስከ ፈረንጆች ዓመት መጨረሻ ግን ሰባት ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን የወረዱት መስከረም 2 ቀን 1967 ነው። እንግሊዝኛው 1974 ይላል። ተርጓሚው ስምንት ቀነሰና 1966 አደረገው። የንጉሡን መውረድ አንድ ዓመት ወደ ኋላ ወሰደው።

በቀይ አረምኩት። ለእርማት በሚወጣው ሁለተኛ ፕሩፍ ላይ ተስተካክሎ መጣ። ማሽን ላይ የወጣው ግን የመጀመሪያው ገጽ ነበር፤ ፋይል ተቀላቅሎ። ሳየው ሦስት ሺህ ኮፒ ታትሞ፣ ተሰፍቶ፣ ተጠርዞ አልቋል። ገጹን ይዤ ሮጥኩ። «ይለፍ፣ ማን ያየዋል» ተባልኩ። የእርማት ወረቀት እንኳ አልገባለትም።

መጽሐፉ ዛሬም አለ። ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ መጽሐፍ ደርድረው የሚሸጡ ልጆች ጋ ባለፈው ዓመት አይቼዋለሁ። አነሳሁትና ገጹን ገለጥኩ። 1966። ሽፋኑ ያምራል። ወረቀቱ ጥሩ ነው። አንድ ተማሪ ገዝቶ ቢጠቅሰው «መጽሐፍ አነበበ» ተብሎ ሙሉ ማርክ ይሰጠዋል። ያ ገጽ ሦስት ሺህ ቤት ገብቷል። አንዱን ቤት እንኳ አንኳኩቶ የሚያርመው የለም። እኔ ራሴ፣ ስህተቱን የማውቀው ሰውዬ፣ ላርመው አልችልም።

ያን ቀን የተሰማኝን ዊኪፔዲያ ላይ ተሰምቶኝ አያውቅም። እዚያ ስህተት ካየሁ አርማለሁ። ሌላው የእኔን ያርማል።

አንድ ቃል አለ፤ መሥሪያ ቤቶቻችን ሲወዱት። «ስርዝ ድልዝ ያለበት ሰነድ ተቀባይነት የለውም።» ወረዳ ብትሄዱ፣ ባንክ ብትሄዱ፣ ፎርም ላይ አንድ ፊደል ሰርዛችሁ ብታርሙ «ሌላ ፎርም ሙሉ» ትባላላችሁ። ከልጅነታችን ጀምሮ የጸዳ ወረቀት ማለት የታመነ ወረቀት ነው ተብለን አድገናል። ልጆቻችንም ደብተራቸው ላይ ሲሰርዙ እንቆጣለን።

ሃያ ሁለት ዓመት ፕሩፍ ያነበበ ሰው ግን የጸዳ ገጽ ሲያይ ልቡ አያርፍም። የጸዳ ገጽ ምንም አይነግረኝም። ስህተት ያልነበረበት ይሁን፣ ስህተቱ ያልታየ ይሁን፣ ታይቶ «ይለፍ» የተባለ ይሁን አላውቅም። በቀይ የተዥጎረጎረ ፕሩፍ ሳይ ነው የምረጋጋው። ሰው እዚህ ጋ ቆሟል፣ አስቧል፣ ከሌላ ሰው ጋር ተከራክሯል እላለሁ።

የብሎካችንን እድር ልንገራችሁ። ጸሐፊያችን ጡረታ የወጡ የሒሳብ ሠራተኛ ናቸው፤ ጋሼ ነው የምንላቸው። ሰማያዊ ሽፋን ያለው ትልቅ መዝገብ አላቸው። ቁጥር ሲሳሳቱ በነጭ ማጥፊያ አይቀቡም። በማስመሪያ አንድ ቀጭን መስመር ያሰምሩበታል። የድሮው ቁጥር ከመስመሩ ሥር ይነበባል። ትክክለኛውን ከላይ ይጽፋሉ። ይፈርማሉ። ቀን ያኖራሉ። «ልጄ፣ የተሳሳትኩትም ይታይ» ይላሉ።

አንድ ጊዜ አራት መቶ ብር ጎደለ ተብሎ ጭቅጭቅ ተነሳ። ድንኳኑ ሥር የተቀመጠው ሰው ድምፁ ከፍ ማለት ጀመረ። ጋሼ አልተከራከሩም። መዝገቡን ገልጠው ለሁሉም አዞሩት። ከ1,750 ወደ 1,350 የታረመበት መስመር አለ። ከጎኑ ፊርማቸው፣ ቀኑ። የከፈለው ጎረቤታችን ቀኑን አየና ከቤቱ ደረሰኙን አመጣ። 1,350 ይላል። ነገሩ አሥር ደቂቃ አልፈጀም። ሰው ቡናውን ጠጥቶ ተበተነ። የድሮው ቁጥር በነጭ ማጥፊያ ተቀብቶ ቢሆን ኖሮ ያ እድር ያን ቀን ይፈርስ ነበር።

ያ መዝገብ ወረዳ ቢቀርብ ስርዝ ድልዝ አለበት ተብሎ ይመለሳል። እኛ ግን ሬሳችንን የምናነሳበትን ገንዘብ በእሱ አምነን አስቀምጠናል።

ዊኪፔዲያ የጋሼ መዝገብ ነው። እያንዳንዱ ገጽ ጀርባ አለው። የለውጥ ታሪኩን ስትከፍቱት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ማን፣ በስንት ሰዓት፣ ምን አውጥቶ ምን እንዳስገባ ተደርድሮ ይመጣል። ሁለት ቀን መርጣችሁ የድሮውንና የአዲሱን ጎን ለጎን ማስተያየት ትችላላችሁ። የተቀየረችው ቃል ቀለም ተቀብታ ትታያለች። ሌላም አለ፤ የውይይት ገጹ። ሰዎች በአንድ ቁጥር፣ በአንድ ስም፣ በአንድ ቃል ላይ ለወራት ሲከራከሩ እዚያ ይነበባል። «ራስ ዳሸን» ይባል ወይስ «ራስ ደጀን»፣ የቱ ልኬት ይያዝ፣ የቱ ምንጭ ይበልጣል፤ እንዲህ ያለው ክርክር በአደባባይ ነው። ክርክሩ አልቆ ገጹ ሲጸዳም ክርክሩ አይጠፋም።

የቤት ሥራዋ ተመልሶ ከመጣ በኋላ ልጄን አጠገቤ አስቀምጬ ይህን አሳየኋት። በስልክ ነው፣ ኔትወርኩም እየተቆራረጠ ነበር። ሰፈራችንን ፈልጊ ብያት «ቱሉ ዲምቱ» ብላ ጻፈች። ባሌ ውስጥ ያለ 4,377 ሜትር ከፍታ ያለው ተራራ መጣላት። «እኛ ተራራ ላይ ነው የምንኖረው እንዴ?» አለች። ሁለቱ ለየብቻ እንደሆኑ፣ ስሙ በኦሮምኛ ቀይ ኮረብታ ማለት እንደሆነ፣ በአንድ ስም ብዙ ቦታ ሊጠራ እንደሚችል አወራን። ግማሽ ሰዓት። ያን ግማሽ ሰዓት ሃንዳውቱ ሊሰጠን አይችልም ነበር።

በብዙ እጅ መጻፍና መታረም ለእኛ ባዕድ ነው የሚለኝም አለ። ባዕድ አይደለም። የቤተ ክህነቱን የአንድምታ ትርጓሜ አስቡት። «አንድም» ይልና አንድ ፍቺ ያመጣል። «አንድም» ይልና ሌላ ይደርባል። የቀደመውን መምህር ቃል አይጥለውም፤ ሌላውን ከጎኑ ያቆመዋል። በስንት ትውልድ፣ በስንት ጉባኤ ቤት፣ በስንት መምህር አፍ አልፎ የመጣ ነገር ነው። ደራሲው ማነው ብትሉ አንድ ስም አታገኙም። የብራና መጻሕፍቶቻችንን ኅዳግም እዩ። እርማት አለበት፣ ማስታወሻ አለበት፣ የመሬት ውል አለበት። ባለቤቱ ሲለወጥ የቀድሞው ስም ተፍቆ አዲሱ የተጻፈባቸው ስንት ናቸው። አያቶቻችን ስርዝ ድልዝ አላስፈራቸውም። የጸዳ ወረቀት አምልኮ ከቢሮ የመጣ ነው።

አሁን ወደ ባለሙያ ልምጣ። «ባለሙያ ያልጻፈው አይታመንም» የሚለው ከሌሎቹ ይልቅ ክብደት ያለው ክርክር ይመስላል። ተሞክሯል እኮ። ዊኪፔዲያ እ.ኤ.አ. ጥር 15 ቀን 2001 ከመጀመሩ በፊት መሥራቾቹ ጂሚ ዌልስና ላሪ ሳንገር ኑፒዲያ የሚባል የኢንተርኔት ኢንሳይክሎፒዲያ ነበራቸው። ባለሙያ ይጽፋል፣ ባለሙያ ይመረምራል፣ ሰባት ደረጃ ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ2003 ሲዘጋ ተጨርሶ የወጣው ሁለት ደርዘን ገደማ ጽሑፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 ደግሞ ኔቸር የተባለው የሳይንስ መጽሔት 42 የሳይንስ ርዕሶችን ከዊኪፔዲያና ከታዋቂው ኢንሳይክሎፒዲያ ከብሪታኒካ ወስዶ፣ የቱ ከየት እንደመጣ ሳይነግራቸው ለባለሙያዎች አስነበበ። ዊኪፔዲያ ላይ በአንድ ጽሑፍ በአማካይ አራት ገደማ ስህተት ተገኘ። ብሪታኒካ ላይ ሦስት ገደማ። ከባድ ስህተት በጠቅላላው ከሁለቱም እኩል አራት አራት። ብሪታኒካ ተቃወመ፤ ኔቸር ግን ጽሑፉን አላነሳም። ልብ በሉ፣ ያኔ ዊኪፔዲያ ገና አምስት ዓመት አልሞላውም ነበር። ዛሬ ቢለካ ይበልጣል ብዬ ከልቤ አምናለሁ። ብሪታኒካ በወረቀት መታተሙን እ.ኤ.አ. በ2012 አቁሟል። የመጨረሻው የ2010 እትም 32 ጥራዝ ነበር። እነዚያ 32 ጥራዞች ውስጥ ያለ ስህተት ዛሬም እዚያው ተቀምጧል።

ዊኪፔዲያ አሳፋሪ ነገር አልሠራም አልልም። እ.ኤ.አ. በ2005 ጆን ሲገንታለር ስለሚባሉ አሜሪካዊ ጋዜጠኛ አንድ ሰው የሐሰት ታሪክ ጻፈ፤ በፕሬዚዳንት ኬኔዲ ግድያ ተጠርጥረው ነበር ብሎ። ከአራት ወር በላይ ሳይታይ ቆየ። ይህ ግፍ ነው። ግን ምን ተደረገ? ተጋለጠ፣ ተሰረዘ፣ ሳይመዘገቡ እንግሊዝኛው ላይ አዲስ ጽሑፍ መክፈት ተከለከለ፣ በሕይወት ስላሉ ሰዎች የሚጻፈው ላይ ደንብ ጠበቀ። ይኸው ዛሬም እናወራዋለን። የእኔን 1966 ከእኔ በቀር ማን ያወራዋል?

ተቃዋሚዎቼ የሚወዱት ሌላም ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ2020 በስኮትላንድ የሚነገረው የስኮትስ ቋንቋ ዊኪፔዲያ ጉድ ወጣ። ቋንቋውን የማይችል አንድ አሜሪካዊ ልጅ ለዓመታት ከ20 ሺህ በላይ ጽሑፍ በተበላሸ ስኮትስ ጽፎ ተገኘ። «አየህ፣ ማንም ነው የሚጽፈው» ይሉኛል። ይህ ታሪክ የሚያግዘው እኔን ነው። ልጁ ያን ሁሉ መጻፍ የቻለው በር ክፍት ስለሆነ አይደለም፤ እንግሊዝኛውም ላይ በሩ ክፍት ነው። የቋንቋው ባለቤቶች ቤት ውስጥ ስላልነበሩ ነው። ባዶ ቤት ነበር።

ወደ እኛ ስንመጣ ነገሩ ያመኛል። የአማርኛው ዊኪፔዲያ 15 ሺህ ገደማ ጽሑፍ ነው ያለው። የእንግሊዝኛው ከ7 ሚሊዮን አልፏል። እኛ በአሥር ሚሊዮኖች የምንቆጠር ሰዎች ነን። ከከፈትኳቸው ገጾች ብዙዎቹ ሁለት መስመር ናቸው። አንዳንዶቹ የጀመራቸው ሰው ትቷቸው ከሄደ ቆይቷል። አማርኛው ደካማ ነው ትላላችሁ? አዎ፣ ደካማ ነው። እና መፍትሔው ልጆቻችን እንዳይደርሱበት መከልከል ነው? ቤቱ ባዶ ስለሆነ ጭራሽ አትግቡ ማለት ምን ዓይነት ምክር ነው? ልጄ ክፍል ውስጥ ያሉት ሃምሳ ልጆች በዓመት አንድ አንድ ገጽ ከነምንጩ ቢያስተካክሉ ሃምሳ ገጽ ነው። ይህን ማንም ኤክስፐርት መጥቶ አይሠራልንም።

ደግሞ አንድ ነገር ልብ አይባልም። ልጆቹ ዊኪፔዲያን ሲከለከሉ ላይብረሪ አይሄዱም። ቻትጂፒቲን ነው የሚጠይቁት። እሱ ደግሞ ከተማረባቸው ነገሮች አንዱ ያው ዊኪፔዲያ ነው። ልዩነቱ ምንጩን፣ ክርክሩን፣ ስርዝ ድልዙን በአብዛኛው አጥቦ የጸዳ መልስ መስጠቱ ነው። ትምህርት ቤቱ ስለዚህ አንድ ቃል አልተናገረም።

«መጽሐፍ አስነብቡ» ላይ ልመለስ። የትኛውን መጽሐፍ? እዚህ ዳር አገር ነው ያለነው። የትምህርት ቤቱ ላይብረሪ ሁለት መደርደሪያ ነው፤ አብዛኛው የቆየ የፈተና ጥያቄ። በአካባቢያችን የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት አላየሁም። አብርሆት ቤተ መጻሕፍት በ2014 ዓ.ም. ሲከፈት ደስ ብሎን ልጄን ይዣት ሄጃለሁ። ያምራል። ግን አራት ኪሎ ነው። ከቱሉ ዲምቱ ቃሊቲ፣ ከቃሊቲ መስቀል አደባባይ፣ ከዚያ አራት ኪሎ። የቅዳሜ ሰልፉን ጨምራችሁ አስሉት። ለአንድ የተራራ ከፍታ አንዲት የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሦስት ታክሲ ቀይራ ትሂድ?

ስለ አገራችን ከተዘጋጁት ትልቁ የባለሙያ ሥራ ኢንሳይክሎፒዲያ ኤቲዮፒካ ነው። ሐምቡርግ ተዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2014 በአምስት ጥራዝ ወጣ። አንድ ጥራዝ አንድ ጊዜ እጄ ገብቶ አይቻለሁ፤ የአራሚ ዓይኔ ረካ። ግን በእንግሊዝኛ ነው፤ ዋጋውም የአስተማሪ ደመወዝ የሚችለው አይደለም። ያ ዕውቀት ቱሉ ዲምቱ የሚደርሰው አንድ ሰው አንብቦት፣ አንዲት ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ጽፎ፣ ጥራዙንና ገጹን ከግርጌ ሲያስቀምጥልን ነው። ያንን ሰው ነው «መንገደኛ» ያላችሁት።

ዊኪፔዲያ ራሱ «የመጨረሻ ምንጫችሁ አታድርጉኝ» ይላል ብሎ የሞገተኝ ጓደኛዬ አለ። ልክ ነው፣ ይላል። ወደ ግርጌው ወርደው ምንጩን እንዲያዩ ልጆቹን እናስተምር እንግዲህ። በዜሮ የተከለከለ ገጽ ግርጌ ግን የለውም። ሃንዳውታችንስ «የመጨረሻ ምንጭ አታድርጉኝ» ብሎ ያውቃል?

ሰኞ ጠዋት ልጄን ሳደርስ የቤት ሥራዋን ወረቀት ይዤ እገባለሁ። ምክትሉን በአክብሮት አነጋግራቸዋለሁ፤ ክፉ ሰው አይደሉም፣ ስለ ልጆቻችን የሚጨነቁ ናቸው። ሁለት ነገር ነው የምጠይቃቸው። አንደኛ፣ ሃንዳውት ሁሉ አዘጋጁ፣ ቀኑና ምንጩ ይጻፍበት። ሁለተኛ፣ ያች አንድ ማርክ። ቀዩ ኤክስ በነጭ ማጥፊያ እንዲቀባ አልፈልግም። መምህሩ 4,620 ላይ በማስመሪያ አንድ መስመር ያስምሩበት። ከላይ 4,550 ብለው ይጻፉ። ይፈርሙ። ቀን ያኑሩበት።